የሰበረ ይጥረብ

ጥቅምት 4 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

በስድስት ዓመቴ ከመምህሬ ደጅ ገብቼ፣ ኦሪትን በቃሌ እስክወጣ ድረስ ሰባት ክረምት ባዶ ወለል ላይ ተኝቻለሁ። አንዲት ቃል በመዝለሌ ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ እግሬ ቆሜያለሁ። በሠላሳ አንድ ዓመቴ የወደቀ ድንጋይ የግራ እጄን ትንሽ ጣት ወሰደው፤ እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ የጀመርኩትን መስመር ጨረስኩ። አባታችንን በዚያው ዓመት፣ ባለቤቴን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ቀበርኩ፤ የሁለቱንም የመቃብር ድንጋይ በእጄ ጻፍኩ፤ መሮዬ አልተንቀጠቀጠም። ሁለት ዓመት ሥራ ጠፍቶ ደረቅ ዳቦ በውሃ እያራስኩ በላሁ። የድንጋይ ብናኝ ሳንባዬ ውስጥ ቤት ሠርቶ አብሮኝ አርጅቷል። ለማንም አቤት አላልኩም።

ይህን ያስቀደምኩት እንድታዝኚልኝ አይደለም። የጎደለኝ ነገር እንዳለ ስለጠየቅሽኝ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ስሞታ አለመሆኑን አስቀድመሽ እንድታውቂ ነው። ደብዳቤሽ ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ አልተቀየምኩም። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እኔ አንዲትም አልጻፍኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ የመጡት ቄስ፣ አንቺ ከመሄድሽ በፊት ታዝዞ ሳይሠራ የቀረውን ሥራ አንሥተው፣ ዐሥሩ ቃላት በሁለት የድንጋይ ሰሌዳ ተጽፈው በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ እንዲቆሙ አዘዙኝ። ከድንጋይ ማውጫው ሁለት ሰሌዳ መረጥኩ። አባታችን እንዳስተማረን በመዶሻ ጫፍ ነካሁት። ደኅና ድንጋይ እንደ ደወል ይመልሳል፤ ውስጡ የታመመ ግን ድምፁን ይውጠዋል። ሁለቱም መለሱ። ሰኞ የመጀመሪያውን በሥራ መደቡ ላይ አሳረፍኩት። ማክሰኞ ጠዋት ብነካው ዝም አለ። ስንጥቅ ካለው ብዬ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ስንጥቅ ውሃ ይዞ ይቆያልና። ውሃው ከዳር እስከ ዳር እኩል ደረቀ። ሁለተኛውን በቦታው አጋደምኩ። ረቡዕ እርሱም ዝም አለ።

አባታችን ካረፈ ወዲህ ባለው የአርባ ስምንት ዓመት ሥራ ጤነኛ ድንጋይ ባደረበት ዲዳ ሲሆን አላየሁም። አንቺ ልጅ ሳለሽ ከጓዳ ሆነሽ «አባባ፣ ሦስተኛው ታሟል» ትዪ ነበር፤ አባታችን ይስቃል፤ ሲፈልጠው ግን ሦስተኛው ታሞ ይገኛል። እንዲህ ያለ ጆሮ በቤታችን ለሌላ ለማንም አልተሰጠም፤ ለእኔም ጭምር። ስለዚህ ጆሮሽን እጠይቃለሁ። ጆሮሽን ብቻ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 19 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጆሮዬን ብቻ ጠየቁ። የቀረውን አካሌን ምን ላድርገው? እዚሁ ልተወው?

እኔ ደኅና ነኝ። ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንሶላና ጋዋን ላይ ስም እጠልፋለሁ። የሐኪሙን ስም፣ የክፍሉን ስም፣ እንዳይሰረቅ። ደብዳቤዎን ሳነብ አለቃዬ በትከሻዬ ላይ አጮልቃ «ወንድም አለሽ እንዴ?» አለችኝ። «አለኝ፤ ግን ከድንጋይ ነው የተሠራው» አልኳት። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። አይሳቁብኝ፣ እርስዎ ጣትዎ ተቆርጦ ዝም ብለዋል፣ እኔ በመርፌ ጮህኩ።

የእኔ ሥራ ከእርስዎ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ። ብሳሳት እተረትረዋለሁ። ክሩን እስበውና እንደገና እጀምራለሁ፤ ጨርቁ አይቀየመኝም።

ስለ ድንጋዩ የማውቀውን ልንገርዎ። ድንጋይ ብቻውን አይታመምም። ከመደቡ ላይ ያንሱትና በገመድ ሰቅለው ይንኩት። አሁንም ዝም ካለ፣ ድንጋዩን ይተዉና የተኛበትን ይዩ።

አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት እርስዎ ድንጋይ ማውጫው ሰንብተው ነበር። ልጄ፣ የእርስዎ «ፍንጭት»፣ ትኩሳት በያዛት በሦስተኛው ቀን ሞታ ነበር። አራት ዓመቷ ነበር። ለቤተ ክርስቲያኑ ከተለዩት ሰሌዳዎች ትንሹን አወረድኩ፤ ከእርስዎ ጀርባ ቆሜ ዕድሜ ልኬን እያየሁ በሰረቅኩት ሙያ ሁለት ቀን ሙሉ ጻፍኩ። ስሟን፣ በሥሩም አንድ መስመር። እርስዎ ገቡ። ኮፍያዎን እንኳ አላወለቁም። የአባባን ሦስት ሕግ በጣትዎ ቆጠሩልኝ፦ ለእግዚአብሔር ቃል የተለየ ድንጋይ ለሰው አይሰጥም፤ እጁ ያልተመረቀ መሮ አይጨብጥም፤ የተበላሸ ድንጋይ በአጥፊው ፊት ይሰበራል። ሁለቱን ባንድ ላይ አፍርሼ ነበር፤ ልክ ነዎት፤ ሦስተኛው ለእርስዎ ቀረ። ከዚያ መዶሻውን አነሡ።

ሌላ ምንም አልጠይቅም። ስብርባሪዎቹን የት አደረጓቸው?

እህትዎ


ኅዳር 2 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ምክርሽን ተቀብዬ ሰሌዳውን በገመድ ሰቀልኩት። ዝም አለ። ሦስተኛ ሰሌዳ አስመጣሁ፤ ይህኛው ከሁለቱ የሚበልጥ፣ እንደ ወተት ያለ፣ ዕድሜ ልኬን ከነካኋቸው ድንጋዮች ሁሉ ድምፁ የጠራ ነው። ከጋሪው ላይ ሳለ ብነካው ድምፁ መንገዱን ተሻግሮ ባለ ዳቦ ቤቷን ከደጇ አወጣት፤ «አባባ፣ ደወል ገዙ እንዴ?» አለች። በመደቡ ላይ አሳረፍኩት። አንድ ቀን ቆየ። በሁለተኛው ጠዋት ዝም አለ።

አሁን የምጽፈውን በእርጅና አታመካኚው። ጆሮዬን ሰሌዳው ላይ አስደግፌ አዳመጥኩ። የታመመ ድንጋይ ዝምታ አውቃለሁ፤ እንደ ጆንያ ነው፤ ውስጡ ምንም የለም። ይህ ግን ትንፋሹን እንደያዘ ሰው ዝምታ ነው። ፍንጭት መደቡ ሥር ተደብቃ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ እንዳላገኛት ስትጠብቅ የነበረውን ታስታውሻለሽ? ሳላገኛት ቆይቼ «የት ሄደች ይህች ልጅ?» ስል ነበር የምትስቀው። እንደዚያ ያለ ዝምታ ነው። «የት ሄደች?» ማለት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት።

ስለ ሕጉ የጻፍሽውን አንብቤያለሁ። ሕግ የአባታችን ሳይሆን ከአባታችን በላይ ነው። ሕዝቡ በተራራው ግርጌ ጥጃ ሲያመልክ ሙሴ ጽላቱን የሰበረው ሕጉን ንቆ ሳይሆን አክብሮ ነው። እኔም እንዲሁ አድርጌያለሁ። ይህን ለሃያ ሁለት ዓመት ለራሴ ስነግረው ቆይቻለሁ፤ ደክሞኝ አያውቅም ነበር። ዛሬ ስጽፈው ደከመኝ።

ስለ ስብርባሪዎቹ ወደፊት እመለስበታለሁ። እዚህ ብርዱ ጀምሯል። አንቺ ዘንድ ያለው አየር ለደረት ደግ ነው ይባላል።

ወንድምሽ


ኅዳር 14 ቀን

ጋሼ፤

የት አደረግሃቸው?


ኅዳር 27 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

«አንተ» ብለሽኛል። ከአባታችን ቤት ጀምሮ «አንተ» ብሎ የተናገረኝ ታናሽ የለም። ደጋግሜ አነበብኩት። ከ«እርስዎ» ይልቅ ቅርብ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ሳልሸሽ እመልሳለሁ።

ከመደቡ ሥር ናቸው።

ያን ጊዜ ወለሉ ወደ ግራ ሰጥሞ መደቡ ያነክስ ነበር። መደላድል ያስፈልገው ነበር። ሦስት ቁራጭ ተገኙ፤ ውፍረታቸው እኩል ነው፤ አንቺ ጠርበሽ ስላስተካከልሻቸው። ጽሕፈታቸውን ወደ መሬት ደፍቼ በመደቡ እግሮች ሥር አስገባኋቸው። በክፋት አልነበረም፤ ከክፋት የባሰ ነበር፤ ቁጠባ ነበር። ደኅና ድንጋይ አይጣልም ብዬ። እንግዲህ ለሃያ ሁለት ዓመት የሰው ሁሉ ስም በእርሷ ስም ላይ ቆሜ ጽፌያለሁ።

«የተኛበትን ይዩ» ብለሽ የጻፍሽልኝን ገና ስከፍተው ገብቶኝ ነበር። አንድ ወር ከስድስት ቀን እንዳልገባኝ ሆንኩ።

ትናንት ረጅም የብረት ዘንግ አስገብቼ መደቡን ብቻዬን አነሣሁ። እንዴት እንደቻልኩ አትጠይቂኝ። ቁራጮቹን አወጣሁና ገለበጥኳቸው። እህቴ፣ መሬት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የተደፋ ድንጋይ ይሻግታል፤ ሥር ይበላዋል። እነዚህ ግን መሮው ዛሬ ጠዋት ያረፈባቸው ይመስላሉ። በፊደሎቹ ጎድጓዳ ውስጥ ነጭ የመሮ ዱቄት አለ፤ እፍ ቢሉት ገና አሁን ይበናል። እፍ አልኩት። በነነ።

ሥራሽን ያን ጊዜ አላየሁትም ነበር። አሁን አየሁት። ቁመታቸው እኩል፣ ጥልቀታቸው እኩል፣ መዞሪያቸው እንደ ውሃ የላላ ነው። ከእኔ ይበልጣል። ይህን ቃል ለመጻፍ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አንሥቻለሁ፤ የቀለሙን ነጠብጣብ ታዪዋለሽ።

ከመምህሬ ዘንድ በቃሌ ይዤው የወጣሁት፣ ግን እስከ ትናንት ያልሰማሁት ነገር አለ። የመጀመሪያውን ጽላት ፈጣሪ ራሱ አዘጋጅቶ ሰጠ። ሙሴ ሰበረው። ስለ መስበሩ አልተወቀሰም፤ ነገር ግን «አንተ የሰበርከውን የሚመስል ሁለት ድንጋይ አንተ ጥረብ» ተባለ። በሁለተኛው ላይ ከመጀመሪያው አንዲት ቃል አልተለወጠም፤ ሕጉ ያው ሕግ ነው። የተለወጠው የጠረበው እጅ ነው። አባታችን ሦስት ሕግ ሰጠን፤ አራተኛውን ረስቶታል ወይም እኔ አልጠየቅሁትም። የሰበረ ይጥረብ።

ስለዚህ ወተት የመሰለውን ሦስተኛውን ሰሌዳ ለፍንጭት እጠርበዋለሁ። ለእግዚአብሔር ቃል የተለየ ድንጋይ ነው፤ አውቃለሁ። ለቄሱ ነገርኳቸው። ቁራጮቹን ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ሕጉን ከዚያ ቀጥለው ይጻፉት፤ ተራው እንዲያ ነው» ብለውኝ ወጡ።

አሁን የምጠይቅሽ ነገር አለ፤ ከዚህ በፊት ከሰው ያልጠየቅሁትን ዓይነት። ስሟ በቁራጮቹ ላይ ሙሉ ነው። ከስሟ ሥር የነበረችው መስመር ግን የለችም፤ የመጀመሪያው ምት ያረፈው እርሷ ላይ ነበርና ዱቄት ሆናለች። ምን ብለሽ ጽፈሽ ነበር? አላውቅም። ሳላነብ ነበር የሰበርኩት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 11 ቀን

ለጋሼ፤

አለቅሳለሁ ብዬ በር ዘግቼ ነበር ደብዳቤህን የከፈትኩት። አላለቀስኩም። «ሳላነብ ነበር» የምትለዋ ላይ ስደርስ ተነሥቼ ምድጃ ላይ የነበረውን ድስት አወረድኩ፣ እቃ አጠብኩ፣ መስኮት ወለወልኩ። ጎረቤቴ «እንግዳ ሊመጣብሽ ነው?» አለችኝ። «እንጃ» አልኳት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንብበኸው የሰበርከው ነበር የሚመስለኝ። መስመሯ አስቆጥታህ። ምናለ ሌላ ነገር በጻፍኩ ኖሮ እያልኩ ስንት ሌላ መስመር በሐሳቤ ስጽፍ እንደኖርኩ ብታውቅ። ለካ አላየሃትም። የቱ እንደሚብስ አላውቅም። ይህኛው ይሻላል መሰለኝ። አዎ፣ ይሻላል።

ምን እንደምትል ግን አልነግርህም። እልህ አይደለም፤ እልሁማ የዛሬ አሥር ዓመት አለቀ። ያቺን መስመር በአፌ ተናግሬያት አላውቅም፤ በወረቀትም አልጻፍኳትም። ከእጄ ወደ ድንጋይ ነው የሄደችው። ስሟን አንተ ጥረብ፤ ሰብረኸዋልና። ከሥሩ አንድ መስመር የሚያህል ባዶ ተው።

ደግሞ መደብ ብቻህን አታንሣ። ሰባ ዘጠኝ ዓመትህ ነው። ጀግንነትህን የምታሳየው ለማን ነው፣ ለድንጋዩ?

እህትህ


ታኅሣሥ 30 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

ሥራው አልቋል። ስሟን በአሥራ አንድ ቀን ጻፍኩ፤ ቁራጮቹን አጠገቤ አስቀምጬ፣ እጅሽን እየተከተልኩ፣ እንደ ጀማሪ። ባዶውን መስመር ትቻለሁ። የመጨረሻውን ፊደል ጨርሼ መሮዬን ሳነሣ ሰሌዳው ሳልነካው ድምፅ ሰጠ። ከግድግዳው ጋር የተደገፉት ሁለቱ ዲዳዎችም ተከትለው መለሱ። ሦስቱ ባንድ ላይ። ደወሉ ረጅም ነበር፤ ሲያበቃ ከመደቡ ሥር አንድ ነገር ትንፋሹን የለቀቀ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ማየት የማይገባ ነገር እንዳለ ተምሬያለሁና፤ የፈጣሪ ክብር በሚያልፍበት ጊዜ ሙሴ ራሱ በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ፣ ዐይኑ በእጅ ተከድኖ ነው ያሳለፈው።

ድንጋዩ በመቃብሯ ላይ ቆሟል። ቦታውን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ በየሳምንቱ እሑድ ሳላይ አልፈው ስለነበር በደንብ አውቀዋለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የሰው ጠባይ ተለውጦብኛል። ስሞታ አይደለም፤ የማየውን ነው የምጽፍልሽ። ባለ ዳቦ ቤቷ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ መሬት መሬት እያየች «አባባ፣ ይውሰዱት፤ ዛሬ ቀና ማለት አልቻልኩም» አለች። ምን ሆነሽ ብላት «እኔ ምንም አልሆንኩ» አለች። ጠጉር አስተካካዩ ወንበሩን ከመስታወቱ አዞረው። ምላጩን እንደያዘ «ጋሼ፣ ዐይንዎን ይጨፍኑልኝ» አለኝ። «ዐይኔ ምላጭህን ፈራው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም። ሒሳቡንም አልተቀበለኝም። በመንገድ ላይ ሰዎች ገና ከሩቅ ወደ ሌላው ዳር ይሻገራሉ። የሚያዩኝ ሕፃናት ብቻ ናቸው፤ እነርሱ በእናቶቻቸው ትከሻ ላይ ሆነው ይስቁልኛል።

ፊቴን ያስነወረኝ በሽታ ይሆናል ብዬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በጠረጴዛው መብራት ፊቴን ማየት ጀመረ። ቆይቶ መብራቱን አጠፋና ምርመራውን ቀጠለ። ከዚያም «ምንም የለም» ብሎ ጻፈና ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር ወረቀቱን አቀበለኝ። እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት በእኛ ዘመን አልነበረም።

ሌላ ወሬ የለኝም። ባለፈው ሳምንት በመላው ሰፈር ለሦስት ቀን መብራት ጠፍቶ ሰው ሥራ ፈትቶ ነበር አሉ። እኔ አላወቅሁም፤ በእነዚያ ቀናት ከአውደ ሥራዬ ሳልወጣ የሕጉን ሰሌዳ ስጽፍ ነበር።

ወንድምሽ


ጥር 12 ቀን

ለጋሼ፤

ቁጭ ብለህ አንብብልኝ።

አውደ ሥራው መስኮት የለውም። አባባ ነፋስ ብናኙን እንዳይበትን ብሎ ደፍኖታል፤ በሩም ሁልጊዜ ዝግ ነው። ያደግሁበት ክፍል ነው፤ አምፖሉ ከጠፋ የራስህን እጅ አታይም። መብራት ሦስት ቀን ከጠፋ በምን እያየህ ነው የጻፍከው?

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። የዳቦ ቤቷን፣ የሐኪሙን። ሐኪሙ ለምን መብራቱን አጠፋ፣ ጋሼ? አስበህበታል? አላሰብክበትም፤ ባለጌ ነው ብለህ አለፍክ። አንተ ሰው እንደሆንክ ሁሌም እንዲሁ ነህ፤ ሰማይ ቢከፈት «ነፋስ አስገቡብኝ» ትላለህ።

ፈርቻለሁ። ለምን እንደምፈራ አላውቅም፤ ክፉ ነገርም አልመሰለኝም። መምህርህ ዘንድ መስታወት ማየት ትዕቢት ነው ተብለህ አድገህ፣ እስከ ዛሬ ቤትህ መስታወት እንደሌለ አውቃለሁ። የእኔን ትንሿን ልኬልሃለሁ፤ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር። ፊትህን እይና ያየኸውን ጻፍልኝ። እንደ ድንጋይ አድርገህ እየው፤ ያለውን ብቻ ንገረኝ።

ከአለቃዬ ፈቃድ ወስጃለሁ። «ድንጋዩ ወንድምሽ ታመመ?» አለችኝ። «አይ፣ ዳነ መሰለኝ» አልኳት። ጥር መጨረሻ ሐሙስ በአውቶቡስ እመጣለሁ። እጄ ከመርፌ ውጭ ምንም ሳይዝ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ያቺን አንድ መስመር ትፈቅድልኛለህ? ከሰሌዳው ፊት ቆመህ እንደገና ሦስት ጣት የምትቆጥርብኝ ከሆነ ካሁኑ ንገረኝ፤ አልመጣም።

እህትህ


ጥር 24 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፤

መስታወትሽ በሰላም ደርሷል። ጨርቁን አልፈታሁትም፤ በመሳቢያ ውስጥ እንዳለ ይጠብቅሻል።

ፈርቼ አይደለም፤ ይህን ብቻ አትጠርጥሪ። ካነበብኩት ልንገርሽ። ሙሴ ከተራራው ሁለት ጊዜ ጽላት ይዞ ወርዷል። በመጀመሪያው ሲወርድ የያዘው የፈጣሪ የራሱ የእጅ ሥራ ነበር፤ እንከን የለሽ ሕግ፤ ፊቱ ግን አላበራም። በእጁ ሕግ ነበር፣ በፊቱ ቁጣ። በሁለተኛው ሲወርድ የያዘው በራሱ እጅ የተጠረበ ድንጋይ ነበር፤ ከመስበሩ በኋላ፣ ምሕረትን ከለመነ በኋላ፣ ከስንጥቁ ውስጥ ሆኖ መሐሪና ለቁጣ የዘገየ የሚለውን ስም ከሰማ በኋላ። ያን ጊዜ ነው ፊቱ አብርቶ ሕዝቡ ሊቀርበው የፈራው። መጽሐፉ አንዲት ነገር ይጨምራል፤ ሰባት ክረምት በቃሌ ስደግማት አልፌያት ነበር፦ እርሱ ራሱ አላወቀም ነበር ይላል። ከሁሉ ይልቅ ከልቤ የማይጠፋው አሁን ይኸው ነው። አላወቀም። ያወቀ ዕለት ምን ይሆን እንደነበረ ራሴን አውቃለሁና እገምታለሁ። እኔ ትዕቢተኛ ሰው ነኝ። በፊቴ ላይ ምንም ይሁን ምን፣ በሽታም ይሁን፣ እርጅናም ይሁን፣ አየሁት ማለት የእኔ አደረግሁት ማለት ነው። የእኔ ካደረግሁት ደግሞ ይጠፋል።

በምን እያየሁ እንደጻፍኩ ለጠየቅሽኝ ግን የማውቀው አንድ ነገር ነው። ፊደሎቹ ይታዩኝ ነበር። ከዚህ በላይ አልዋሽሽም።

ለጎረቤቶቼ ስል ስወጣ ፊቴን በስስ ጨርቅ እሸፍናለሁ። ባለ ዳቦ ቤቷ አሁን ቀና ብላ ታወራኛለች፤ ትናንት «አባባ፣ ማር ሊቆርጡ ነው የሚሄዱት?» ብላ ሳቀችብኝ። ደስ አለኝ። ሐሙስ በአውቶቡስ ማቆሚያው ቆሜ እጠብቅሻለሁ፤ ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ ሽማግሌ ካየሽ እኔ ነኝ። ጨርቁን በአንቺ ፊት አነሣዋለሁ። ያየሽውን ግን አትንገሪኝ።

ሦስት ጣት አልቆጥርም። የሕጉ ሰሌዳዎች ተጽፈው አልቀዋል፤ ቄሱ በሚቀጥለው ሳምንት ያቆሟቸዋል። ሳንባዬ ከዚህ በኋላ ብዙ ብናኝ እንደማይቀበል ነግሮኛል፤ ስሞታ አይደለም። ስለዚህ በጨዋ ደንብ፣ በሙሉ አእምሮዬ፣ የምተወውን አስታውቃለሁ።

በሙያችን ደንብ መምህሩ መዶሻውን በተማሪው እጅ ያኖራል፤ እጁን በእጁ ላይ ደርቦ የመጀመሪያውን ምት አብረው ይመታሉ፤ እጁ ተመረቀ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። በአርባ ስምንት ዓመት ማንንም አልመረቅሁም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በፍንጭት ድንጋይ ፊት፣ ባዶው መስመር በሚጀምርበት ቦታ እጄን በእጅሽ ላይ አደርባለሁ። ከመጀመሪያው ምት በኋላ ዞር እላለሁ፤ መስመርሽን ስትጨርሺ አነብባታለሁ።

የአባታችን መዶሻ፣ አሥራ አንዱ መሮዎች፣ መስኮት የሌለው ክፍልና መደቡ፣ እነዚያ ሦስት ቁራጮች፣ እንዲሁም አራቱ ሕጎች፤ ከዛሬ ጀምሮ የአንቺ ናቸው።